የማያ ገጹ ቀኖናና የወረቀቱ ተቀጽላ፦ የ‹ስታር ትሬክ› እና የ‹ዶክተር ሁ› ኮሚኮች በአድናቂዎቻቸው ሚዛን

ከእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን በ1870ዎቹ ዓ.ም. ያሠሩት፣ ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ የከዋክብት መመልከቻውን ያቆመው ደግሞ በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲሆን፣ የተመረቀውም በ2015 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱን ያጎራበታቸው የተራራው ከፍታ እንጂ የማንም ዕቅድ አይደለም። ይሁንና የሊቀ መላእክቱ የራጉኤል ስም ከብርሃናት ጋር ተያይዞ የተጻፈው በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 20 ነው፤ ይህን መጽሐፍ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ስትቆጥረው፣ የሌላው ዓለም አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ከቁጥር ውጭ ያደርጉታል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገድላትና ድርሳናት፣ የራሱ የራጉኤል ድርሳን ጭምር፣ አዋልድ ተብለው ይነበባሉ፣ ይወደዳሉ፤ ከአሥራው መጻሕፍት ጋር ግን በእኩል አይቀመጡም። ይህን ሥርዓት እያየ ላደገ አንባቢ፣ ቀጥለን የምንመረምረው ክርክር፣ ነገሩ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማና የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት ቢሆንም፣ ባዕድ አይሆንበትም።

ክርክሩ እንዲህ ነው። አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ዝነኛ ሲሆን አሳታሚ ፈቃድ ይገዛና በዚያው ስም፣ በእነዚያው ገጸ ባሕርያት ኮሚክ ያወጣል። በኮሚኩ የተፈጸመው በድራማው ዓለም እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? በዚህ ላይ አድናቂዎች ምን እንዳሉ ለማወቅ በዋናነት በሦስት ዓይነት ምንጭ እንመካለን፤ ሦስቱም እንከን አለባቸው። በመጽሔቶቹ ጀርባ የታተሙትን የአንባቢ ደብዳቤዎች የመረጣቸው አዘጋጁ ስለሆነ፣ ምስጋናውን አብዝተው ወቀሳውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። አድናቂዎች ራሳቸው ያባዟቸው መጽሔቶች፣ ከ1967ቱ ‹ስፖካናሊያ› ጀምሮ፣ የጽኑዎቹን እንጂ የተራውን አንባቢ ድምፅ አይሰጡንም። ደራሲያንና ሠዓሊዎች ከዓመታት በኋላ በቃለ ምልልስ የተናገሩት ደግሞ ትዝታና ራስን መከላከል የተቀላቀሉበት ነው። ስለዚህ ምስክሮቹ ሲጋጩ ወደ ታተመው ገጽ መመለስን መርሐችን አድርገናል።

የመጀመሪያው ዘመን የግዴለሽነት ዘመን ነው። ቢቢሲ ‹ዶክተር ሁ›ን በኅዳር 1963 ማሳየት ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 1964፣ ‹ቲቪ ኮሚክ› የተባለው የልጆች መጽሔት የዶክተሩን ሥዕላዊ ታሪክ አወጣ። በድራማው ከዶክተሩ ጋር የሚጓዙት ሰዎች በመጽሔቱ የሉም፤ በምትካቸው በማያ ገጹ ላይ ታይተው የማያውቁ ጆንና ጊሊያን የሚባሉ ሁለት የልጅ ልጆች ተሰጡት። የድራማው ታላላቅ ጠላቶች ዳሌኮችም ከመጀመሪያው አልመጡም፤ የእነርሱ ፈቃድ ለሌላ መጽሔት ተሽጦ ነበርና፣ ከ1965 እስከ 1967 በ‹ቲቪ ሴንቸሪ 21› ላይ ዶክተሩ በሌለበት የራሳቸውን ታሪክ ኖሩ። እንግዲህ በአንባቢው ዘንድ የአንድ ዓለም ክፍሎች የሆኑት በአሳታሚዎች ዘንድ ተለያይተው የሚሸጡ ንብረቶች ነበሩ። ብዙው ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል ብንል አንሳሳትም።

በአሜሪካ ‹ስታር ትሬክ› በመስከረም 1966 ተጀመረ፤ ‹ጎልድ ኪ› የተባለው አሳታሚ የመጀመሪያውን ኮሚክ ሐምሌ 1967 በሚል የዕትም ቀን አወጣ። ስለዚህ ዕትም በአድናቂዎች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ትረካ አለ፦ ሠዓሊዎቹ፣ መጀመሪያ ኔቪዮ ዛካራ ቀጥሎም አልቤርቶ ጆሊቲ፣ በጣሊያን ሆነው ይሥሉ ስለነበርና ድራማው እዚያ ገና ስላልታየ፣ ሥራውን የሠሩት በማስታወቂያ ፎቶግራፎች እየተመሩ ነው፤ ስህተቱም ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። ትረካው በከፊል እውነት ነው። መርከቧ ‹ኢንተርፕራይዝ› በኮሚኩ ውስጥ ከኋላዋ እንደ ሮኬት እሳት ትተፋለች፤ ድራማውን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ይህን አይሥልም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ዕትም ከዳር እስከ ዳር ስናነብ ትልቁን ነውር ከሠዓሊው እጅ አናገኘውም። በታሪኩ መጨረሻ መርከቧ ሰው በሊታ ዕፅዋት የነገሡባትን ፕላኔት ከሰማይ በጨረር እየመታች ሕይወቷን ታጠፋለች። ይህን የጻፈው ዲክ ዉድ ነው፤ እርሱም ድራማው በየሳምንቱ በሚታይበት አገር የሚኖር አሜሪካዊ ነበር።

አድናቂዎች ይህን ፍጻሜ የድራማውን መንፈስ የካደ አድርገው ያዩታል፤ የጠፈር መርከበኞቹ በሌሎች ዓለማት ጉዞ ጣልቃ እንዳይገቡ ይከለክላል የሚሉትን ዋና ትእዛዝም ይጠቅሳሉ። ፍርዱ ተገቢ ቢመስልም የዘመን ቅደም ተከተሉን ልንዘነጋ አይገባም። ያ ትእዛዝ በድራማው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በየካቲት 1967 በታየ ክፍል ነው። ኮሚክ ደግሞ ተጽፎ፣ ተሥሎ፣ ቀለም ተቀብቶ ገበያ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል፤ በዚህ ላይ ሥዕሉ ባሕር ተሻግሮ ይመላለሳል። ጽሑፉ በተዘጋጀበት ሰዓት ሕጉ ገና በቅጡ አልተደነገገም ነበር ማለት ይቻላል። ዉድን ከወቀሳ ነጻ ባናወጣውም፣ በኋላ በወጣ ሕግ መከሰሱን ሳንመዘግብ ማለፍ አንችልም።

የሸሚዙ ነገር ከዚህም ያስገርማል። የመርከቧ ካፒቴን የከርክ ሸሚዝ በኮሚኩ አረንጓዴ ሆኖ መውጣቱ ለአድናቂዎች የቸልተኝነት ማስረጃ ነበር፤ በቴሌቪዥን ያዩት ወርቅማ ቢጫ ነውና። ይሁን እንጂ የድራማው የልብስ ንድፍ አውጪ ዊልያም ዌር ታይስ በኋላ እንደመሰከረው፣ ጨርቁ በእርግጥም አረንጓዴ ነበር፤ ወርቅማ ያስመሰለው የካሜራው ፊልምና መብራቱ ነው። የቀለም ቀቢዎቹ ትክክለኛነት በአጋጣሚ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ እኛም ለእነርሱ ጥብቅና መቆማችን አይደለም። ነገር ግን «ድራማው የሚለው» እና «ድራማው ሲታይ የሚመስለው» ሁለት ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በእንግሊዝ ነገሩ ጭራሽ ተገላበጠ። ‹ጆ 90› በተባለው መጽሔት የ‹ስታር ትሬክ› ሥዕላዊ ታሪክ መታተም የጀመረው በጥር 1969 ሲሆን፣ ቢቢሲ ድራማውን ማሳየት የጀመረው በሐምሌ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች የካፒቴኑ ስም ‹ከርት› ተብሎ ተጽፎ ነበር። ለእነዚያ የእንግሊዝ ልጆች በኩሩ ኮሚኩ ነው፤ ድራማው ተከትሎት የመጣ፣ ስሙን ያሳሳተ እንግዳ ነው። የቀደመ ሁሉ የበላይ ነው የሚለው ክርክር በዚህ አንድ ምስክር ብቻ ይናጋል።

ሁለተኛው ዘመን የረሃብ ዘመን ነው። ድራማው በ1969 ተቋረጠ፤ ከ1973 እስከ 1974 ከቀረበው የካርቱን ተከታታይ በቀር ለአሥር ዓመት በማያ ገጽ አዲስ ነገር አልወጣም። ‹ጎልድ ኪ› ግን እስከ 1979 ድረስ 61 ዕትሞችን አወጣ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም ድራማውን የሚወደው ወጣቱ ሌን ዊን ታሪኮችን እየጻፈ መንፈሱን ወደ ድራማው አቀረበ። የቀድሞዎቹ ዕትሞች በ1976 በጥራዝ መልክ ታተሙ፤ በ2004 እና በ2014 ደግሞ ሌሎች አሳታሚዎች እንደገና አወጧቸው። እሳት የምትተፋው መርከብ ሳትታረም ሦስት ጊዜ ገዢ አገኘች። ጸሐፊው ወይም ሠዓሊው ስለተሻሻለ ብቻ ነው እንዳንል የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ፣ ስህተት የሞላባቸው ዕትሞች ጭምር ናቸው።

ከ‹ጎልድ ኪ› ቀጥሎ ፈቃዱን የያዘውን የማርቬልን አጭር ዘመን፣ ከ1980 እስከ 1982 የወጡትን 18 ዕትሞች፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፋለን፦ ፈቃዱ በ1979ኙ የመጀመሪያው የ‹ስታር ትሬክ› ፊልም ስለተወሰነ ጸሐፊዎቹ ከድራማው ክፍሎች እንዳይጠቅሱ እጃቸው ታስሮ ነበር። በ1984 ሥራውን የተረከበው ዲሲ ግን ከሁሉ የከፋ ፈተና ገጠመው፤ በሁለት ሕያዋን ፊልሞች መካከል ታሪክ መጻፍ ነበረበት። ሦስተኛው ፊልም በ1984 ‹ኢንተርፕራይዝ›ን አጥፍቶ፣ የከርክን ምክትል ስፖክን ከሞት አስነሥቶ ተጠናቀቀ። ደራሲው ማይክ ባር ክፍተቱን ሞላው፤ ለከርክ ‹ኤክሴልሲየር›፣ ለስፖክ ‹ሱራክ› የተባሉ መርከቦችን ሰጥቶ አሰማራቸው። አንባቢዎችም ለሁለት ዓመት ይህን እንደ እውነተኛው ቀጣይ ተከታተሉ። በኅዳር 1986 አራተኛው ፊልም ሲወጣ ታሪኩ የጀመረው መርከበኞቹ ገና በስፖክ የትውልድ ፕላኔት በቩልካን ላይ፣ ስፖክም አእምሮው ገና በመመለስ ላይ ሳለ ነው። ኮሚኩ የግድ ስፖክን አሳምሞ ወደ ቩልካን መመለስ፣ ከርክንም አዲሱን መርከብ ማስነጠቅ ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተገነባው ሁሉ በአንድ ፊልም መክፈቻ ፈረሰ። በ1989 ዲሲ ሁለተኛውን ተከታታይ ሲጀምር የፈጣሪው የጂን ሮደንቤሪ ቢሮ ቁጥጥር ጠበቀ፤ ከካርቱኑ የተወሰዱ ገጸ ባሕርያትም ከኮሚኩ ተባረሩ። ትናንት ለአድናቂው ማጽናኛ የነበረው ካርቱን ራሱ ከቀኖና ወጣ ተብሎ ነበርና።

የ‹ዶክተር ሁ› ጉዞ በሌላ መንገድ ሄደ። በጥቅምት 1979 የተጀመረው ሳምንታዊ መጽሔት፣ በኋላም ወርኃዊ የሆነው፣ ኮሚኩን አላቋረጠም። ድራማው ከ1989 እስከ 2005 ሲቋረጥ፣ በመካከሉ ከአንድ የ1996 ፊልም በቀር፣ በየወሩ በሥዕል የሚኖረው ዶክተር በወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነበር። ድራማው ሊመለስ ሲል፣ የኮሚኩ ሠሪዎች በኋላ እንደተረኩት፣ አዲሱ አዘጋጅ ራስል ቲ ዴቪስ ሊሞት ሲል አካሉን የሚቀይረው ዶክተር ከስምንተኛው ወደ ዘጠነኛው የሚለወጥበትን ቅጽበት ኮሚኩ እንዲያሳይ ፈቀደላቸው፤ ዘጠነኛው ግን ከድራማው ጓደኛው ከሮዝ በቀር ከማንም ጋር እንዳይጓዝ ገደብ ስለነበረ፣ ዕድሉን እነርሱ ራሳቸው መለሱት። ያን ቅጽበት ቢቢሲ በኅዳር 2013 በአጭር ፊልም አሳየው። በዚያ ፊልም ዶክተሩ ሊሞት ሲል የአምስት ጓደኞቹን ስም ይጠራል፤ አምስቱም ስለ ዶክተሩ ከተሠሩ የድምፅ ድራማዎች የተወሰዱ ናቸው፣ ከኮሚኩ አንድም አልተጠራም። ለዓመታት ተስፋውን በወረቀት የያዘው አንባቢ በዚህ ቢያዝን አይፈረድበትም። ይሁንና በ1980 በፓት ሚልስና በዴቭ ጊበንስ የተሠራው ‹ዘ ስታር ቢስት› ከ43 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 25 ቀን 2023፣ የደራሲና የሠዓሊው ስም ተጠቅሶ በቴሌቪዥን ቀረበ።

ሁለቱን ስናነጻጽር፣ አድናቂዎች በአፋቸው የሚሉትና በተግባር የሚያደርጉት እንደሚለያይ እናያለን። ሲጠየቁ «የሚቆጠረው በማያ ገጽ የታየው ነው» ይላሉ፤ ማያ ገጹ ሲጨልም ግን ወደ ወረቀቱ ይዞራሉ። ለዚህ የ2009ኙ የ‹ስታር ትሬክ› ኮሚክ ‹ካውንትዳውን› ጥሩ መፈተኛ ነው። ኮሚኩን በታሪክ ነዳፊነት ያገዙት የዚያው ዓመት ፊልም ጸሐፊዎች ናቸው። ኮሚኩ በቀደመ ፊልም የሞተውን ሰው ሠራሽ መኮንን ዴታን ከሞት መልሶ የ‹ኢንተርፕራይዝ› ካፒቴን፣ የቀድሞውን ካፒቴን ፒካርድን ደግሞ አምባሳደር አደረገ። ከራሳቸው ከፊልሙ ጸሐፊዎች የመጣ ነውና ብዙዎች እንደ ቀኖና ተቀበሉት። በጥር 2020 የጀመረው የፒካርድ ድራማ ግን ዴታ ሞቶ እንደ ቀረ፣ ፒካርድም አድሚራል ሆኖ ሥራውን እንደ ለቀቀ አሳየ። ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ የደራሲው ማንነት እንኳ ኮሚኩን አያድነውም የሚል ነው፤ የሚቆጠረውን የሚወስነው ቀጥሎ የሚመጣው ድራማ ነው።

የእኛ ሠዓሊዎች ይህን ዓይነት ድንበር ሳያሰምሩ ሠርተዋል። በሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ የሚጀምረው በክብረ ነገሥት ከማይገኘው ከዘንዶው መገደል ነው፤ ከዚያም ያለ ምንም መለያ ወደ መጽሐፉ ታሪክ ይሻገራል። ዛሬ ደግሞ ከድራማ ያልተወለደ፣ በራሱ የቆመ ኮሚክ አለን። ብስራት ደበበ በመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው ‹ጀምበር› በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ የሆነውን ወጣት ምሩቅ አማኑኤልን ጀግና አድርጎ ያቀርባል። እንዲህ ያለ ሥራ ነገ ድራማ ቢሆን ክርክሩ እዚህም መነሣቱ አይቀርም፤ ያኔ የመጀመሪያው አንባቢ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ተመራማሪ ይመጣል። ስለዚህ አሳታሚዎች እያንዳንዱን ዕትም በወመዘክር እንዲያስቀምጡ፣ የደረሷቸውንም የአንባቢ ደብዳቤዎች ምስጋናና ወቀሳ ሳይለዩ፣ ቀን እየጻፉ እንዲያኖሩ እንጠይቃለን።