ጌታውን ባሪያ ያደረገው አኒሜ

«የፖለቲካ ቻናል ላይ አኒሜ ምን ይሠራል?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፣ ጉዳዩ የታሪክ ነው።

«ቪንላንድ ሳጋ» የተባለው የጃፓን አኒሜ ሁለተኛ ሲዝን እ.ኤ.አ. በ2023 በ24 ክፍሎች ወጣ። የመጀመሪያው ሲዝን ደም በደም ነበር። ቶርፊን የሚባል ልጅ አባቱን የገደለውን ሰው ለመበቀል፣ ያንኑ ሰው እየተከተለና ለእሱ እየተዋጋ ያድጋል። ሁለተኛውን የከፈተ ተመልካች ሰይፍ ሲጠብቅ መጥረቢያ ያገኛል። ቶርፊን ዴንማርክ ውስጥ በአንድ ሀብታም ገበሬ እርሻ ላይ ባሪያ ሆኗል። ጫካ ይመነጥራል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ ስንዴ ይዘራል። ብዙ ልጆች «ቀዘቀዘ» ብለው ተዉት። ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ነው።

ቶርፊን ካርልሰፍኒ ከባዶ የተፈጠረ ሰው አይደለም። ሳጋ በሚባሉት የአይስላንድ ጥንታዊ ትረካዎች ውስጥ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገረ ነጋዴ ነው። ጉዞው ራሱም ተረት ብቻ አይደለም። የኖርስ ሰዎች ሰፈር ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ በ2021 የታተመ ጥናትም እዚያ የተገኘ እንጨት በ1021 እንደተቆረጠ አሳይቷል። ሳጋዎቹ ቶርፊንን የሚያውቁት ግን በባለጸጋነቱ ነው። ባሪያ ያደረገው የማንጋው ደራሲ ማኮቶ ዩኪሙራ ነው።

(ቃሉን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። እኛ ዘንድ ዛሬም ስድብ ነው። ለስለስ ያለ ቃል ብፈልግለት ደግሞ ነገሩን መሸፈን ይሆንብኛል።)

እርሻው ላይ ኤይናር የሚባል ሰው ተገዝቶ ይመጣል። የእንግሊዝ ገበሬ ነው፤ ቤተሰቡን የጨረሱበት እንደ ቶርፊን ያሉ ዘራፊዎች ናቸው። ሁለቱ አንድ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። ቶርፊን በየሌሊቱ እየጮኸ ይነቃል፣ ለምን እንደሚጮህ ግን አያውቀውም። ወዳጅነታቸው በንግግር አልተጀመረም፤ ጉቶ ሲጎትቱ ነው የተጀመረው። የጌታው ቅጥረኞች ፈረስ ሲከለክሏቸው፣ የጌታው ሽማግሌ አባት በጉልበት ሥራ ለውጥ ፈረስ ያውሷቸዋል። መሬቱ ተመንጥሮ ስንዴው ሲበቅል ቅጥረኞቹ በምቀኝነት ነቅለው ይጥሉታል። ድብድብ ይነሳል፣ ቶርፊን ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ በሕልሙም የገደላቸውን ሰዎች ያያል። ሲነቃ ከእንግዲህ ሰው ላይ እጁን ላያነሳ ይምላል። ዘር መዝራት ምን እንደሆነ ያወቀው ከኤይናር ስለሆነ፣ ያ ስንዴ ባይነቀል ኖሮ የነጠቀውን ነገር የሚረዳው አይመስለኝም።

ኤይናርን ደራሲው ቢፈጥረውም ዘመኑ አልፈጠራውም። በ1014 የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ባደረጉት ስብከት፣ እንግሊዞች የገዛ ዘመዶቻቸውን ባሕር ማዶ እንደሚሸጡ አምርረው ወቅሰዋል። እኚሁ ሰው በኋላ የንጉሥ ክኑትን ሕግ አርቅቀዋል፤ ሕጉም ክርስቲያንን ወደ ውጭ አገር መሸጥን ይከለክላል። ክኑት ማለት በአኒሜው መጨረሻ እርሻውን ሊወርስ በጦር መርከብ የሚመጣው ንጉሥ ነው። ክልከላው ሻጩን እንጂ ባርነቱን አልነካም። በ1086 በተደረገው የእንግሊዝ ታላቅ ቆጠራ ከተመዘገቡት አባወራዎችና ሠራተኞች ከአሥሩ አንዱ ያህል ባሪያ ነበር። በኖርዌይ የቆየ ሕግ ደግሞ ነጻ የወጣ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ በግ አርዶ፣ ጌታውን ጋብዞ ነጻነቱን ያስመሰክር ነበር። ለነጻነቱ ድግሱንም የሚከፍለው እሱው ነው!

አርንሄይድ የምትባለው ባሪያ በጌታዋ ተደብድባ ስትሞት የኤይናር ቁጣ ይገነፍላል። የሚይዘው ቶርፊን ነው። በመጀመሪያው ሲዝን አንድም ቀን ራሱን ያልያዘው ቶርፊን! ከዚያ ንጉሡን ለማናገር ሲል መቶ ቡጢ እጁን ሳያነሳ ይቀበላል። ሁለቱ ጓደኛሞች ጦርነትና ባርነት የሌለበት አገር በቪንላንድ ሊመሠርቱ ይስማማሉ።

በ«ቀዩ ኤሪክ ሳጋ» ግን የቶርፊን መርከብ ላይ ሁለት ስኮትላንዳውያን ባሪያዎች ነበሩ። ሃኪና ሄክያ ይባላሉ፤ ወንድና ሴት ናቸው፤ ከአጋዘን ይፈጥናሉ ተብሏል። ቪንላንድ ሲደርሱ ጌቶቹ መርከብ ላይ ቀርተው እነሱን አወረዷቸውና አገሩን በሩጫ እንዲሰልሉ ላኳቸው። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። አንዱ ወይን፣ ሌላው ሳይዘራ የበቀለ ስንዴ ይዞ ነበር።