ከጀጎል እስከ «ፋቡላ»፤ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሕይወትና ሥራ

«ፋቡላ» የሚለው ስም ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው «የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት» በሚለው ሐረግ ብቻ ነው። ተማሪው ርእሱንና የደራሲውን ስም በቃሉ ይዞ ለፈተና ይመልሳል፤ የአውሬዎች ተረት ቤተ መንግሥቱን ስለምን እንዳስቆጣ ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። ይህን ለመረዳት የደራሲውን አስተዳደግ ከሐረር ጀምሮ መመልከት ያሻል።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄዱ፤ በራስ መኰንን ቤትም አደጉ። ሐረር በምኒልክ ሠራዊት እጅ ከገባች፣ ማለትም ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ወዲህ፣ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ በውስጡ የያዘው ሕዝብ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ መስጊዶችና የረጅም ዘመን ንግድ የነበረው ነው፤ በገበያው ላይ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዩ ይገናኙ ነበር። የራስ መኰንን ግቢም ከሌሎች መኳንንት ግቢ ይልቅ ከውጭ አገር ሰው ጋር የተላመደ ነበር። አንድ የሸዋ ልጅ ዓለም ከአገሩ ወሰን እንደሚሰፋ ለማየት በዚያን ጊዜ ከሐረር የተሻለ ስፍራ ያገኝ ነበር ለማለት ያዳግታል።

በ1888 ዓ.ም. በራስ መኰንን ጦር ውስጥ ሆነው ወደ ዐድዋ ዘመቱ፤ ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሁለት ዓመት አይበልጥም ነበር። ከድሉ በኋላ ሊዮንቴቭ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሲመለሱ አሳዳጊያቸው ራስ መኰንን ሞተዋል፤ ምኒልክም በሕመም መዳከም ጀምረዋል። ቀጥሎም እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ።

ስለ ተውኔቱ መነሻ ደራሲው ራሳቸው በመቅድሙ ገልጸዋል። ቴአትር ይታያል ተብለው በተጋበዙበት ስፍራ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ነበር። በዚህ ቅር በመሰኘታቸው ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት ተነሡ። ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች አብነት ወስደው የጻፉት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ፣ በቴራስ ሆቴል፣ በመኳንንት ፊት ታየ። አውሬዎቹ በመድረክ ላይ ሲነጋገሩ የሚነቀፈው የሹማምንት አስተዳደር እንደነበር ተመልካቹ አልሳተም።

ጊዜውም እንዲህ ያለውን ነቀፋ የሚታገሥ አልነበረም። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹን አሽሯል፤ ሥልጣን በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መካከል ተከፍሎ፣ በነባሩና በአዲሱ ወገን መካከል መጠባበቅ በዝቷል። ንግሥቲቱ ተውኔቱ እንዲታገድ አደረጉ። ከዚህም በኋላ ለዐሥር ዓመት ያህል የአማርኛ ቴአትር በአደባባይ ሳይታይ ቀረ። ጉዳቱ በአንድ ደራሲ ላይ ብቻ የወደቀ አይደለም፤ ሥራውን አይቶ የተሻለ ሊጽፍ ይችል የነበረው ትውልድ መድረክ አጣ። መምህራን የአማርኛን ተውኔት አጀማመር ሲያስተምሩ ከ«ፋቡላ» ቀጥሎ ያለውን ይህን ባዶ ዘመን ዘለው ማለፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ነቃፊው ደራሲ ከሥልጣን ውጭ የቆሙ ሰው አልነበሩም። ወደ ሐረርጌ ተመልሰው ጅጅጋን፣ በኋላም ጨርጨርን ገዝተዋል፤ ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን ባለ 55 አንቀጽ ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። አብነቱ የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ይህ ሰነድ የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲሆኑ ደነገገ፤ በአውሬ አስመስለው የተቹትን ወገን መራጭ አደረጉት ማለት ነው። ከራሳቸው እምነትና ንጉሠ ነገሥቱ ከፈቀዱት የትኛው እንዳመዘነ አንባቢ ሊያከራክር ይችላል።

በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ በጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰሙ። (በጠንካራ ተቃውሞአቸው ከሚታወቁት ከብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ጋር በስም መመሳሰል ምክንያት ሲምታቱ ይገኛል፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።) በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተለያይተው ከአገር ወጡ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ዓመታት በማዳጋስካር ቆዩ። በመጨረሻ ተመልሰው መኖሪያቸውን ያደረጉት አዲስ አበባ ሳይሆን በጨርጨር፣ በሂርና ነው፤ እዚያም እርሻቸውን ያዙ።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በተባለው ልብ ወለድ ከፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት በአገሩ የሚገጥመውን ተረኩ፤ «ቴዎድሮስ» የተሰኘ የታሪክ ተውኔትም ጻፉ። በ«አርአያ» ውስጥ አባት የኖሩትን ሕይወት ጥላ ማየት አይከብድም።

አባት በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ የገዛ ሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ትተው ነበር፤ «ኦቶባዮግራፊ» የተሰኘው ይህ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የሐረር የልጅነት ዘመናቸው የሚነበበው በዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ለሐረርጌ ትምህርት ቤቶች የታሪክና የአማርኛ መምህራን ደግሞ ይህ ክፍል ከ«ፋቡላ» ጋር ጎን ለጎን ለመነበብ የሚመች ነው።