ካንዴላ ማለት ሻማ ነው



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ የቡታጅራ ልጅ፣ ከዝዋይ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ የጀልባው ሞተሪኖ በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ቦቢናውን ልቀይረው?" አለኝ። በቤንዚን የሚሠራ፣ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ ጀልባ ነው። "ቆይ፣ ምንም አትቀይር" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ለመንገር ከታሪኩ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር የቤንዚን ሞተር ጀልባ ላይ ገጥሞ ኔካር ወንዝ ላይ አስኬደ። ሰው ግን ቤንዚኑ ይፈነዳል ብሎ ፈራ። ዳይምለርም በጀልባዋ ዙሪያ ሽቦና የሸክላ ማያያዣ ደርድሮ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አስመሰላት! ሽቦው ለዓይን ብቻ ነበር። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው በነበልባል የጋለ ቱቦ ነው። ሰዉ የፈራው ነገር ግን ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጋለው ቱቦ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1902 የቦሽ ድርጅት በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውን ማግኔቶ አወጣ። ከዚያ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በባትሪ የሚሠራውን ዘዴ አመጣ፤ የ1912ቱ ካዲላክም ከነኤሌክትሪክ ማስነሻው ለገበያ ቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ በቁልፉ በኩል ወደ ቦቢናው ይሄዳል። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል፤ በዚያች ቅጽበት ቦቢናው 12 ቮልቱን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል። ዲስትሪቢዩተሩ ለየካንዴላው ያድላል፣ ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ይዘላል። በቃ ይኸው ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የጋራዥ ቋንቋችንን የሰጡን ግን ጣሊያኖች ናቸው። ካንዴላ በእነሱ ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። ቦቢና ጥቅል ማለት ነው፤ እውነትም በውስጡ ያለው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። ፑንቲና ትንሽ ጫፍ ነው። ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጌታው ለረዳቱ፣ ረዳቱ ለልጁ እያስተማረ ወልቂጤም ቡታጅራም ደረሰ።

እኔም ልጅ ሆኜ የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው። ስህተቴንም አልደብቅም። አንድ መስቀል ሰሞን፣ መቼም ለመስቀል ጉራጌ አገሩ እንደሚገባ ታውቃላችሁ፣ አንድ አባወራ ቤተሰቡን በሰይቼንቶ ጭኖ ሲመጣ ወልቂጤ ላይ ሞተሩ ጠፋበት። እኔ ደፍሬ "ቦቢናው ሞቷል" አልኩ። ሰውዬው አዲስ አበባ ሰው ልኮ አዲስ ቦቢና አስመጣ። ተገጠመ፣ አልተነሳም። ለካስ ፑንቲናው ነው የቆሸሸው! በብርጭቆ ወረቀት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እቤቱ የደረሰው ደመራው ተለኩሶ ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ተኝተው ሳያቸው የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ ኤሌክትሪኩ በሄደበት መንገድ ሂድ። መጀመሪያ ባትሪው። ቀጥሎ ቁልፉ ተከፍቶ ቦቢናው ጋ 12 ቮልት ይደርሳል ወይ? (አንዳንዱ ሞተር በመሃል መቀነሻ ስላለው ዝቅ ሊል ይችላል።) ከደረሰ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ። ከዚያ ከቦቢናው የሚወጣው ወፍራም ሽቦ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና ሮተር፣ በመጨረሻም ካንዴላው። እሳቱ የት ድረስ መጥቶ የት እንደጠፋ ሳታውቅ ዕቃ አትግዛ።

ጀልባ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ላይ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ይበተናል፣ ጀልባ ላይ ግን ሆዱ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። እዚያ ላይ እሳት ለማየት ካንዴላ ማንጣጣት ማለት ራስን ማቃጠል ነው። የኔካር ሰዎች የፈሩት ይህንን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተሩን ክፍል ክፈት፣ አናፍስ፣ አሽት። ለጀልባ የሚሠራው ዲስትሪቢዩተርና ሞተሪኖም ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። የመኪናው ይመሳሰላል ብላችሁ አትግጠሙ፤ እባካችሁ!

ልጁን በስልክ በዚሁ ቅደም ተከተል አስኬድኩት። አናፈሰ። ቤንዚን አይሸትም። ባትሪው ሙሉ ነው። ቁልፉ ጋ 12 ቮልት አለ፣ ቦቢናው ጋ ዜሮ! በመሃል ያለውን ሽቦ ሲከተል መጋጠሚያው አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ጠርጎ አሰረው፤ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን በስልክ ሰማሁት። ቦቢናው ደህና ነበር።

ዛሬ ብዙው መኪና ፑንቲና የለውም፤ በኤሌክትሮኒክስ ተተክቷል። መንገዱ ግን ያው ነው፣ ከባትሪ ተነስቶ እስከ ሻማው።

በናንተ ጋራዥ ከጣሊያን የቀሩ ሌሎች ቃላት ካሉ ከታች ጻፉልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው። ሰላም ሁኑ።