ሁዳድ፣ ሁዳዴ እና የጌታ መሬት

እንግሊዞች ‹ዲሜይን› የሚሉት አንድ ያረጀ ቃል አላቸው። ሲጽፉት በመካከሉ የማይነበብ ‹ኤስ› ይሰነቅሩበታል። ዛሬ በየቦታው ከምንሰማው ‹ዶሜይን› ጋር ወንድማማች ነው፤ ሁለቱም በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ፣ ‹ዶሚኑስ› ማለትም ‹ጌታ› ከሚለው የላቲን ቃል የተወለዱ ናቸው።

‹ግዛት› ብለን ብንተረጉመው ያስኬዳል፤ ግን አያረካም። ግዛት ጌታው የሚያስገብረው ሁሉ ነው። ዲሜይን ግን ጌታው ለጭፍራም ለሎሌም ሳይሰጥ በራሱ እጅ ያስቀረው፣ ገባሮቹ እየወጡ የሚያርሱለት ማሳ ነው። ንጉሥ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1086 እንግሊዝን ባስመዘገበ ጊዜ ጸሐፊዎቹ በየመንደሩ ከጠየቁት ነገር አንዱ፣ በጌታው ማሳ ስንት ማረሻ፣ በገባሮቹስ ስንት ማረሻ እንዳለ ነበር።

ይህን ሳነብ የአማርኛ አቻውን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ሁዳድ ነው!

ርስት ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ ነው። ጉልት መሬቱን ሳይሆን ግብሩን የመብላት መብት ነው። ሁዳድ ግን ምርቱ በቀጥታ ወደ ንጉሡ ወይም ወደ አገረ ገዢው ጎተራ የሚገባ እርሻ ነው። ገበሬው በሬውን ነድቶ ይወጣል፤ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ደመወዝ የለውም። የራሱ ጤፍ በአረም ቢዋጥ እንኳ ሁዳዱ ይቀድማል።

ዐቢይ ጾምን ሕዝቡ ‹ሁዳዴ› የሚለው ከዚሁ የተነሣ ነው ይላሉ ሊቃውንት። ለንጉሡ ማሳ አገሩ ሁሉ እንደሚወጣ፣ ለጌታ ጾምም ምእመኑ ሁሉ 55 ቀን ይወጣል። የሚደንቀው ላቲኖቹም ተመሳሳይ መንገድ መሄዳቸው ነው። ለዲሜይን መነሻ የሆነው ‹ዶሚኒኩስ›፣ ‹የጌታ› የሚለው ቅጽል፣ የእሑድ ስምም ሆኗል፤ የፈረንሳዩ ‹ዲማንሽ›፣ የጣሊያኑ ‹ዶሜኒካ› ከሱ የመጡ ናቸው። እነሱ ከእኛ አልሰሙ፤ እኛም ከነሱ አልተማርን። ጾሙን ሁዳዴ ብሎ የሰየመው ያ ሰው አክብሮቱን ነው የገለጸው ወይስ የወገቡን ሕመም? በበኩሌ ሁለቱንም ይመስለኛል።

በእኛ በምሥራቅ አዲስ አበባስ? ከቤተ መንግሥት አገልግሎት የቀረ ስም አለን፤ ሲግናል አካባቢ ያለው ባልደራስ የንጉሡን ፈረሶች አዛዥ ማዕርግ ተሸክሞ ዛሬም አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ሲሠራ ዙሪያው ገና እርሻና ግጦሽ ነበር። ከዚያ 1967 መጣ። በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ርስትም ሁዳድም ባንድ ዓመት ከሕግ መዝገብ ወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ።

እኔ የምኖረው ገርጂ ነው። ሁላችንም ‹ካርታ› የምንለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ‹የይዞታ ማረጋገጫ› ነው። ‹ርስት› አይልም፤ ቦታውን በተመለከተ ‹ንብረት›ም አይልም። ይዞታ ከ‹ያዘ› ነው። የእንግሊዝ ተከራይም ስሙ ‹ቴናንት›፣ ያዥ ማለት ነው፤ በዚያ የቆየ ሕግ መሬት ሁሉ የንጉሡ ሲሆን ሌላው ከሱ ይይዛል እንጂ የኔ አይልም። ቃላት አንዳንዴ ከአዋጅ የበለጠ እውነት ይናገራሉ።

ወደ ሰሚትና ወደ ቦሌ አራብሳ የወጣ ሰው ዛሬ የሚያየው ኮንዶሚኒየም ነው። በፊት የገበሬ ማሳ ነበር። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው በላዩ ላለው ንብረት ካሣና ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። በኋላ በ2011 ሌላ አዋጅ ተተክቶ እጥፉ ወደ 15 ከፍ ብሏል። ለመሬቱ ለራሱ ግን ዋጋ አይታሰብለትም፤ የሱ አይደለምና። ቦታው ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ደግሞ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ይወጣለታል፤ ክፍያውም ለከተማው አስተዳደር ይገባል።