አልቦ ከሚጠለቅበት በላይ

በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ሮቸስተር በምትባል ከተማ ሜዮ ክሊኒክ የሚባል ዝነኛ የሕክምና ተቋም አለ። በዚህ ተቋም የደም ሥር ሕመም ይመረምሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች በ1940 ስለ ሴቶች እግር አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ (ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንደኛው ኤድጋር አለን፣ ሌላው ኤድጋር ሃይንስ ይባላሉ፤ ሞክሼዎች ናቸው። የእጅን የደም ዝውውር ለመፈተሽ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ዘዴ በአለን ስም ይጠራል። የሴት እግር ለምን ወፈረ ብሎ መጠየቅ ለእንዲህ ያለ የታወቀ ሰው የሚያኮራ ርዕስ የነበረ አይመስለኝም፤ እነርሱ ግን ጠየቁ።

ያስተዋሉት ነገር እንዲህ ነው። ከሴቶቹ መካከል ከወገብ በታች ያለው አካላቸው ከላይኛው ጋር የማይመጣጠን ነበሩ። ዳሌው፣ ጭኑና ባቱ በግራም በቀኝም እኩል ወፍሯል፤ ቆመው ሲውሉ ያብጣል። ውፍረቱ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በታች መርገጫውም ጣቶቹም እንደማንኛውም ሰው ናቸው። እናቶቻችን የብር አልቦ የሚያጠልቁበትን ቦታ አንባቢ ያስብ፤ በሽታው ከአልቦው በላይ አለ፣ ከአልቦው በታች የለም። አለንና ሃይንስ ስብና እብጠት የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥመው «ሊፒዲማ» አሉት። በ1951 ደግሞ ሦስተኛ ባልደረባ ጨምረው የ119 ሕሙማንን ታሪክ አቀረቡ።

ዛሬ ስለዚህ ሕመም የሚታወቀው ከዚያ ብዙም አልራቀም። የሚይዘው ሴቶችን ነው ማለት ይቻላል፤ ወንድ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ይጀምራል፤ ወይም በእርግዝና፣ ወይም የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ይብሳል። በቤተሰብ ይወርዳል። ሲነኩት ያማል፤ እግር ከወንበር ጋር በትንሹ ሲጋጭ ይበልዛል። ክንድም ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜም የሚቆመው እጅ አንጓ ላይ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ይህ ስብ እንደ ሌላው ስብ በረሃብ አለመሸነፉ ነው። አክስቴ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። ፊታቸው ይከሳል፣ አንገታቸው ይቀጥናል፣ ቀለበታቸው ይሰፋቸዋል፤ እግራቸው እንደነበረ ነው። ልብስ ሰፊያቸው ቀሚሱን ከላይ እያጠበበ ከታች እንደሚለቅላቸው አስታውሳለሁ። አንድ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ «ወይዘሮ፣ ቅባት ይቀንሱ» ተብለው ተመለሱ። ቅባት! ያውም በጾም ወር! የእርሳቸው ሕመም ሊፒዲማ ይሁን አይሁን የመረመረ የለም፤ የማወራው ስለ መልሱ ነው። በዚህ ሕመም የተያዙ ሴቶች ሮቸስተርም ይሁኑ በርሊን፣ ለዓመታት ሲሰሙ የኖሩት ያንኑ መልስ ነው። በሌላ በሽታ ሕመምተኛው ይታዘንለታል፤ በዚህኛው ግን ሴትዮዋ ሆዳም ትባላለች።

በእኛ አገር ላይ አንድ ሌላ መደናገር ይጨመራል። ያበጠ እግር ሲታይ አፋችን ላይ የሚመጣው ዝሆኔ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር፣ የደጋው ዝሆኔ በትል ሳይሆን በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እርሱ የሚጀምረው ከመርገጫው ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል። ሊፒዲማ የሚተወው መርገጫውን ነው። በ1976 ሮበርት ስቴመር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ያለ መሣሪያ የሚሠራ ፈተና ጻፈ፦ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ባለው የእግር ጣት ሥር ቆዳውን ቆንጥጦ ማንሳት። ቆዳው አልነሳም ካለ እብጠቱ ከሊምፍ ነው። ሊፒዲማ ብቻ ያለባት ሴት ቆዳ ይነሳል። ከዚህ የረከሰ ምርመራ ከየት ይገኛል? ደግሞም ሊፒዲማን የሚገልጥ የደም ምርመራ የለም፤ ዓይን፣ እጅና ጥያቄ ናቸው መሣሪያዎቹ።

ሕክምናውም ፈውስ አይደለም፤ ማስታገሻ ነው። ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር የተባሉ ዴንማርካዊ ባልና ሚስት በ1930ዎቹ የሊምፍ ፈሳሽን በለስላሳ እሽታ ማንቀሳቀስን አስተማሩ። ኮንራድ ጆብስት የተባለ መሐንዲስ የራሱ እግር ያመው ነበርና፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲቆም ሕመሙ እንደሚቀልለት አስተዋለ። ውኃ ከታች አጥብቆ ከላይ ላላ አድርጎ ይጫናል፤ እርሱም በዚያው ልክ እግርን የሚይዝ ረጅም ካልሲ ሠራ። ለደም ሥር ሕመም የታሰበው ካልሲ ለሊፒዲማም ሕመሙን ያቀልላል፣ ስቡን ግን አያጠፋም። ካልሲው የሚለካው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው። በውኃ ውስጥ መንቀሳቀስም ይረዳል። ስቡን የሚቀንሰው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ካሊፎርኒያዊው ጄፍሪ ክላይን በ1987 ቦታውን በብዙ ፈሳሽና በማደንዘዣ ሞልቶ ስብን የመምጠጥ ዘዴ ካሳተመ ወዲህ አደጋው ቀንሷል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለሊፒዲማ የራሱን መለያ ቁጥር የሰጠበት የበሽታዎች መዝገብ የጸደቀው በ2019 ነው፤ ስሙ ከወጣ ከ79 ዓመት በኋላ! በዚያው ዓመት ጀርመን የቀዶ ሕክምናውን ወጪ በጤና መድን ለመሸፈን ወሰነች፤ ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ለደረሰ ብቻ። ሌላዋ ሴት እግሯ እስኪበላሽ ትጠብቅ ማለት ነበር። ሴቶቹ ዝም አላሉም፤ በ2025 ለሁሉም ደረጃ እንዲሆን ተወሰነ።

እዚህ አገር ሐኪም ፊት የምትቀመጥ ሴት፣ ሳትጠየቅም ቢሆን፣ ውፍረቱ መቼ እንደጀመረ፣ የእናቷና የአክስቶቿ እግር ምን እንደሚመስል፣ ሲነኩት ያም እንደሆነ፣ ይበልዝ እንደሆነ ትናገር። ጫማዋንም ታውልቅ፤ መታየት ያለበት መርገጫዋም ነውና።