44ኛው እርምጃ

የቼዝ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭና የአይቢኤሙ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ ለሁለተኛ ጊዜ የተገናኙት ሚያዝያ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. በኒውዮርክ ነው። ከዓመት በፊት ፊላደልፊያ ላይ ካስፓሮቭ 4 ለ 2 ረትቷል። የአሁኑንም የመክፈቻ ጨዋታ ወሰደ። ነገር ግን ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ኮምፒውተሩ በ44ኛው እርምጃ ሩኩን ምንም ወደማይፈይድ ቦታ አዛወረ።

ካስፓሮቭና ረዳቶቹ ማታውን ነገሩን ሲመረምሩ፣ ማሽኑ እጅግ ሩቅ አስልቶ መሆን አለበት ወደሚል ግምት እንዳዘነበሉ ተጽፏል። ለሰው ተጫዋች ዓላማ የሌለው እርምጃ የለም፤ ያልገባው እንደሆነ ከራሱ የጠለቀ ሐሳብ ይጠረጥራል።

ከ15 ዓመት በኋላ ከዲፕ ብሉ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ሙሬይ ካምቤል ለጸሐፊው ኔት ሲልቨር የሰጠው ቃል ሌላ ነው፦ የፕሮግራም ስሕተት ነበር። ማሽኑ መምረጥ አቅቶት አንዱን እርምጃ በዘፈቀደ አነሣ።

ከመክፈቻው ጨዋታ ማግስት፣ በሁለተኛው ጨዋታ፣ ካስፓሮቭ በ45ኛው እርምጃ እጅ ሰጠ። ተንታኞች ሰሌዳውን ሲያዩት ግን ንጉሡን ደጋግሞ ቼክ በማለት አቻ መውጣት ይችል ነበር። እሱ ደግሞ ከጨዋታው በስተጀርባ የሰው እጅ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። በ1978 ዓ.ም. እግር ኳስ ተጫዋቹ ማራዶና በእጁ ያስቆጠራትን ጎል አንሥቶ ነገሩን በአሽሙር ተናገረ፤ የማሽኑ መዝገብም እንዲታይ ጠየቀ።

ብዙዎች ይህን በአንድ መስመር ያያይዙታል፦ ስሕተቱ ካስፓሮቭን አስደነገጠው፣ ድንጋጤው አስረታው። እኔ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። የካምቤል ምስክርነት የማሽኑን ውስጥ እንጂ የካስፓሮቭን ልብ አይነግረንም፤ የተነገረውም ዘግይቶ ነው። የማሽኑ የሁለተኛ ቀን ጨዋታም ድንቅ ነበር፤ በስሕተት አይገለጽም።

ከዚህ ይልቅ የሚጸናው ሌላ ነው። ዲፕ ብሉ በሴኮንድ ወደ 200 ሚሊዮን የሰሌዳ አቀማመጥ ይመዝን ነበር፤ ተጋጣሚው ፈርቶ ይሁን ደፍሮ ግን አይጠይቅም። ካስፓሮቭ የሚመዝነው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያነባል። የማራዶናው ንግግር እንደሚያሳየው፣ ማሽን ፊትም ማንበቡን አላቆመም።

ከዚያ ሦስት ጨዋታ በአቻ አለፈ። ግንቦት 3 ቀን ካስፓሮቭ በ19 እርምጃ ተሸንፎ ግጥሚያው 3.5 ለ 2.5 ተዘጋ። የመልስ ግጥሚያ ጠየቀ፤ አይቢኤም አልተቀበለውም።