ከኮሪደር ወደ አርማታ ክፍል፦ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከቶርኔዶ ጋር ያለፉበት መንገድ

ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው። ከየትኛውም አገር ይልቅ የሚበዛው በዩናይትድ ስቴትስ ሲሆን፣ በመካከለኛውና በደቡባዊው ክፍል በጸደይ ወራት ከቀትር በኋላ ይበረታል። ሰዓቱ ተማሪዎች ገና ክፍል ውስጥ ያሉበት ወይም ወደ ቤታቸው ለመሄድ የሚሰናዱበት ነው።

ማርች 18 ቀን 1925 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሚዙሪ የተነሣ ቶርኔዶ ኢሊኖይን አቋርጦ ኢንዲያና እስኪደርስ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ሦስት ሰዓት ተኩል በፈጀው ጉዞው 695 ሰዎች ገደለ። በኢሊኖይ ደሶቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤቱ ተደርምሶ 33 ተማሪዎች ሞቱ፤ በአሜሪካ ቶርኔዶ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋበት ሌላ ጊዜ የለም። በ1929 ደግሞ ተራራማ በሆነው የቨርጂኒያ ምዕራባዊ ጥግ፣ ቶርኔዶ ይመጣል ተብሎ በማይታሰብበት ራይ ኮቭ፣ 12 ተማሪዎችና አንዲት መምህርት ሞቱ።

ከእነዚህ ልጆች አንዱም ማስጠንቀቂያ አልደረሰውም። ጆን ፊንሊ የተባለ የጦር ሠራዊቱ የአየር ሁኔታ አጥኚ በ1880ዎቹ ቶርኔዶን ለመተንበይ ሞክሮ ነበር፤ አለቆቹ ግን ሕዝቡ ይሸበራል ብለው «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል በትንበያ ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉ። አለቆቹ የፈሩት ከነፋሱ ይልቅ ድንጋጤውን ነበር ማለት ይቻላል። የአገሪቱ የአየር ትንበያ ቢሮ ክልከላውን ጨርሶ ያነሣው በ1950 ነው። ለዚህ መንገድ የከፈተው ኦክላሆማ በሚገኘው የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር የሆነው ነው። ማርች 20 ቀን 1948 ሰፈሩን ቶርኔዶ መታው። ፎቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች በአምስተኛው ቀን የአየሩ ሁኔታ ያኔ ከነበረው ጋር እንደሚመሳሰል አይተው ቶርኔዶ ሊመጣ እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ በዚያው ምሽት ቶርኔዶው እዚያው ሰፈር ላይ ደረሰ።

ትምህርት ቤቶችን በማጠናከር ረገድ የካሊፎርኒያ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ማርች 10 ቀን 1933 ወደ ማታ ሎንግ ቢች ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ 70 ትምህርት ቤቶችን አፈረሰ። ተማሪዎቹ ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደው ስለነበር ብቻ የከፋ እልቂት ሳይደርስ ቀረ። በወሩ የፊልድ ሕግ የሚባለው ጸደቀ፤ ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ትምህርት ቤት ንድፍ በክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ሳይመረመርና ግንባታው ላይ ተቆጣጣሪ ሳይመደብ መሥራት አልተቻለም። ቶርኔዶ በሚበዛባቸው ክፍለ ሀገሮች ግን ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንቀጥቀጥ ከተማን በሙሉ ሲያናውጥ፣ ቶርኔዶ የሚሄደው በጠባብ መስመር ስለሆነ አንድ ትምህርት ቤት የመመታቱ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ወጪውን የሚሸከመውም በአብዛኛው የየአካባቢው ግብር ከፋይ ነው። ስለዚህ ሕንጻው እንዳለ ቀረ፤ የተለወጠው የልጆቹ አቀማመጥ ነው።

ልጆቹ ሳይረን ሲሰሙ ወደ ውስጠኛው ኮሪደር ወጥተው፣ በግድግዳው ሥር ተንበርክከው፣ ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ሸፍነው መቆየትን ተለማመዱ። ልምምዱ ዛሬም አለ፤ ከመስታወትና ከሚወረወር ስብርባሪ ያድናል። አብረውት ይነገሩ ከነበሩ ምክሮች አንዳንዶቹ ግን ጎጂ ነበሩ። የምድር ቤት ደቡብ ምዕራባዊ ጥግ ከሌላው ይሻላል ይባል ነበር፤ በ1966 ካንሳስ ውስጥ ቶፔካ ስትመታ ቤቶቹን ያጠኑ ተመራማሪዎች አባባሉ መሠረት እንደሌለው አሳዩ። ግፊቱ ቤቱን እንዳያፈነዳው መስኮት ክፈቱ የሚለው ምክርም ከ1970ው የላቦክ ቶርኔዶ በኋላ መሐንዲሶች ቤት የሚያፈርሰው ነፋሱ ራሱ መሆኑን እስኪያስረዱ ድረስ ሲነገር ኖሯል።

የመውጫ ሰዓት ራሱን የቻለ አደጋ ነበር። ኤፕሪል 21 ቀን 1967 ኢሊኖይ ውስጥ ቤልቪዴር ላይ ቶርኔዶው የደረሰው ልጆች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ነው። በከተማው ከሞቱት 24 ሰዎች 13ቱ እዚያው ትምህርት ቤት የነበሩ ናቸው። ዛሬ በብዙ ቦታ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ተማሪ እንዳይለቀቅና አውቶቡስ እንዳይነሣ የሚደረገው እንዲህ ያለው አደጋ ስለሚታወቅ ነው።

ኤፕሪል 3 ቀን 1974 ኦሃዮ ውስጥ ዚንያ የተመታችው ትምህርት ካበቃ በኋላ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቴአትር የሚለማመዱ ተማሪዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ ቶርኔዶውን አይታ ስትጮህ ሁሉም ወደ ኮሪደር ሮጠው ተኙ፤ ሁሉም ተረፉ። ሲነሡ መድረኩ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ወድቆ ነበር። ፍርስራሹን ያጠኑ ባለሙያዎች ጣሪያቸው ሰፊ የሆኑት አዳራሽና ጅምናዚየም ቀድመው እንደሚወድቁ፣ ጠባብ የውስጥ ክፍሎች ግን የተሻለ እንደሚቆሙ አስገነዘቡ።

የተሻለ መቆም ግን ብርቱ ቶርኔዶ ሲመጣ አይበቃም። ማርች 1 ቀን 2007 አላባማ ውስጥ ኢንተርፕራይዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ተማሪዎቹን ኮሪደር አስቀመጠ፤ ከኮሪደሮቹ አንዱ ላይ የብሎኬቱ ግድግዳና ጣሪያው ወርደው ስምንት ተማሪዎች ሞቱ። ሜይ 20 ቀን 2013 በሙር፣ ኦክላሆማ፣ ማስጠንቀቂያው የወጣው ቶርኔዶው መሬት ከመንካቱ 16 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ ፕላዛ ታወርስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ደግሞ ተጨማሪ 20 ደቂቃ ገደማ ወሰደ። የጎደለው ሰዓት ሳይሆን መጠለያ ነበር፤ ሰባት ልጆች ሞቱ።

እንዲህ ያለው መጠለያ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር፣ ፌማ፣ ለሕዝብ መጠለያ የሚሆን መመሪያ በ2000 አውጥቷል። በመመሪያው መሠረት ክፍሉ ብርቱ ቶርኔዶ በሚያሰጋበት ቀጠና በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ መቋቋም አለበት። ሙከራው ላቦክ በሚገኘው የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል፦ በታመቀ አየር የሚሠራ መድፍ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጣውላ ወራጅ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳው ላይ ይተኩሳል። ተራ ብሎኬት ይበሳል፤ ቀዳዳው በፌሮና በኮንክሪት የተሞላ ብሎኬት ወይም አርማታ ይመልሰዋል። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ቀን እንዳይጠብቅ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጅምናዚየም፣ የሙዚቃ ክፍል ወይም መመገቢያ አድርገው ይገለገሉበታል።

አላባማ ከ2010 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ የሕዝብ ትምህርት ቤት መጠለያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘ። ብዙ ክፍለ ሀገሮች የሚከተሉት የሕንጻ ደንብም በ2015 እትሙ ለከፍተኛው ቀጠና ተመሳሳይ ግዴታ አስገባ፤ ሎንግ ቢች በአንድ ወር ያገኘችውን የቶርኔዶ ቀጠናው ያገኘው ደሶቶ ካለቀሰች 90 ዓመት ሲሞላ መሆኑ ነው። ደንቡ ግን የሚመለከተው በዋናነት አዲስ ግንባታን ሲሆን፣ ተፈጻሚ የሚሆነውም ክፍለ ሀገሩ ወይም ከተማው ሲቀበለው ነው። ኦክላሆማ ውስጥ ከሙር አደጋ በኋላ ለነባር ትምህርት ቤቶች መጠለያ የሚውል የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በሕዝብ ድምፅ ለማስወሰን የተጀመረው ዘመቻ ሳይሳካ ቀረ። ፕላዛ ታወርስ መጠለያ ኖሮት በ2014 እንደገና ተከፈተ፤ ለሌሎቹ ነባር ሕንጻዎች ገንዘቡን ማግኘት ያለበት እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ በራሱ ነው።